ከናስትሮው ሥር

ቫልስ የሚባለው የጥንዶች ዳንስ ሊጀመር ሲል የባንዱ መሪ የሆነው የማርሊ አባት የቫዮሊኑን ደጋን ወደ መሬት ዘቀዘቀው። ለሌላው ሰው ይህ ምንም አይደለም፤ ሙዚቀኛ እጁን ሲያሳርፍ እንዲሁ ያደርጋል። ለማርሊ ግን ትእዛዝ ነበር። አዳራሹ ጥግ፣ ከለስላሳ መሸጫው አጠገብ፣ የድምፅ መቆጣጠሪያው ሚክሰር ፊት ተቀምጣለች። ሦስተኛዋን ቁልፍ በጣቷ እስከ መጨረሻው ወደ ታች ሳበቻት። በዚያችው ቅጽበት የሚስተር ዴልበርት ጊታር ከትልልቆቹ ስፒከሮች ጠፋ።

እሳቸው ግን አላወቁም። ትንሹ አምፕሊፋየራቸው ከወንበራቸው ጀርባ ስለሚቀመጥ የራሳቸውን ድምፅ እየሰሙ ነው የሚጫወቱት። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ባለ እግር ጠረጴዛ በሚመስለው ጊታራቸው ላይ ጎንበስ ብለው፣ ክሮቹ ላይ ብረታቸውን እያንሸራተቱ፣ ከሥር ፔዳሎቹን እየረገጡ ቫልሱን ቀጠሉ። ጥንዶቹ አዳራሹን እየዞሩ ይደንሳሉ። ከመካከላቸው እሳቸውን የሚሰማ አንድም ሰው አልነበረም።

«ዛሬም ዘጋሻቸው?» አለች የአክስቷ ልጅ ኬሊን፣ የለስላሳ ጠርሙስ እየከፈተች።

«አባዬ ነው ያዘዘኝ።»

«ጣቱ ግን ያንቺ ነው። ሼም ነው እኮ፣ ማርሊ።»

 በእረፍቱ ሰዓት ሚስተር ዴልበርት የዳንሱን ወለል አቋርጠው ቀስ እያሉ ወደ ማርሊ መጡ። እሁድ እሁድ የሚጠይቋት ጥያቄ አንድ ነው፤ መድረክ ላይ ያለ ሰው አዳራሹ ውስጥ ምን እንደሚሰማ አያውቅምና።

«ከዚህ ማዶ እንዴት ነበር?»

«እንደ ሁልጊዜው ነው፣ ሚስተር ዴልበርት።»

ደስ አላቸው። ባርኔጣቸውን ነካ አድርገው «ረቡዕ» አሉና ሄዱ። ረቡዕ የትምህርታቸው ቀን ነው።

በዚያ የቴክሳስ አውራጃ ፔዳል ስቲል የሚባለውን ይህን ጊታር የሚጫወት ሰው ሞልቷል። እንደ ሚስተር ዴልበርት ያለ ግን ማርሊ ሰምታ አታውቅም። ትንሽ ልጅ ሳለች መድረኩ ሥር ተኝታ ሥዕል ስትስል፣ ከላይ የሚመጣው ድምፅ ሊያለቅስ ብሎ በመጨረሻ የተወ ሰው ይመስላት ነበር። እርሳሷን አስቀምጣ ታዳምጠዋለች። እጃቸውንና እግራቸውን ለማየት ብቻ ከሌላ ከተማ መኪና ነድተው የሚመጡ ሰዎች ነበሩ።

ይበልጥ የሚያስገርማቸው ደግሞ ጊታራቸው ላይ የለጠፉት ናስትሮ ነበር። የስቲል ጊታር ክር በጣት አይጫንም፤ ብረቱ የት ላይ ማረፍ እንዳለበት የሚያሳዩት ከክሮቹ ሥር የተሳሉት ነጫጭ መስመሮች ናቸው። ሚስተር ዴልበርት ገና በጎልማሳነታቸው እነዚያን መስመሮች በሚጣበቅ ጥቁር ናስትሮ ሸፍነዋቸዋል። «መስመር የሚያይ ጆሮ የሌለው ነው» ይሉ ነበር፣ ኩራታቸውን ሳይደብቁ። ማርሊም ከእሳቸው መማር ስትጀምር መጀመሪያ ያደረገችው የራሷን ጊታር ናስትሮ ማልበስ ነው።

ጆሯቸው የከዳቸው ፋሲካ አካባቢ ነው። ቀጫጭኖቹን ክሮች በትክክል መስማት አቆሙ፤ ብረቱ ማረፍ ካለበት ቦታ በትንሹ ያልፋል። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ጆሮ ላይ ግን እንደ ኮምጣጤ ነች። ደናሾቹ ፊታቸውን ማኮሳተር፣ እርምጃ መሳት ጀመሩ።

«ብንነግራቸው ልባቸው ይሰበራል» ብሎ ነበር አባቷ። «ሲደክማቸው ራሳቸው ይተዉታል። ያኔ መድረክ ላይ ያለው ወንበራቸው ያንቺ ነው።»

ማርሊ ያንን ወንበር ትፈልገዋለች።  ቁልፏን በሳበች ቁጥር አፏ ውስጥ የሚቀረው መራራ ነገርም ከዚያ የመጣ ነበር።

ረቡዕ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሚስተር ዴልበርት ጋራዣቸው ውስጥ፣ ከአሮጌው ፒካፕ ጎን፣ ጊታራቸውን ዘርግተው ጠበቋት።

«ቫልሱን ሳታጣድፊ እንድትሰሚው እፈልጋለሁ። እዚህ ከፍ የሚለው ጋ ሁሉም ሰው ይቸኩላል። አንቺ አትቸኩዪ» አሉና ዓይናቸውን ጨፍነው ጀመሩ።

ከፍ የሚለው ቦታ ላይ ደረሱ። ብረታቸው ቦታውን አለፈው። ፊታቸው ላይ ግን ያ የድሮው ደስታ ነበር፤ የሚሰሙት ሌላ ነገር ነው። ማርሊ መቻል አቃታት። እጇን ዘርግታ ብረቱን በአንድ ጣቷ ነካችና በጣም በትንሹ ወደ ኋላ ገፋችው።

ዓይናቸውን ገለጡ። «ምን እያደረግሽ ነው?»

«አልፈውታል፣ ሚስተር ዴልበርት።»

«አላለፍኩም።»

እንደገና ተጫወቱት። ማርሊ ስልኳን አውጥታ ድምፅ የሚለካውን መተግበሪያ ከፈተችና ጊታሩ ላይ አስቀመጠችው። የመለኪያው መርፌ ከመሀል ወጥቶ ቀዩ ላይ ቆመ።

«ይህን መጫወቻ ከፊቴ አንሺ» አሉ። ዓይናቸው ግን ከመርፌው አልተነሳም። ሌላ ክር መቱ። ሌላም ጨመሩ። መርፌው ከቀዩ አልወጣም። ከዚያ እጃቸውን ከክሮቹ ላይ አነሱ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከፋሲካ።»

«ይህን ሁሉ ጊዜ ሰው እየሰማኝ?»

የፈራችው ይህንን ጥያቄ ነበር። መዋሸት ትችል ነበር፤ ስትዋሽ ከርማለች። «ሰው አይሰማዎትም» አለች። «ከስፒከሮቹ እናጠፋዎታለን። ቁልፏን የምስባት እኔ ነኝ።»

ጣቶቻቸው ላይ ያሉትን የክር መምቻዎች አንድ በአንድ አወለቁ። 

«አባትሽን አልወቅሰውም። አዳራሽ መሙላት አለበት» አሉ። «አንቺን ግን መስማት ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ። እየሰማሽ ዝም አልሽ።»

«ልብዎ እንዳይሰበር ብለን ነው።»

«ወንበሩን ፈልገሽ ነው?»

አይደለም ልትል ነበር፤ ተወችው። «እሱም አለበት» አለች።

 ሚስተር ዴልበርት ፊታቸውን ወደ ፒካፑ አዞሩ። «ስትወጪ በሩን ዝጊው» አሉ።

ማርሊ በሩን ዘግታ ብስክሌቷን እየገፋች ሄደች። መንዳት እንኳ ከበዳት።

እሁድ ይመጣሉ ብላ አልጠበቀችም። እሳቸው ግን እንደ ወትሮው ከሁሉም ቀድመው፣ ሸሚዛቸውን ተኩሰው፣ ባርኔጣቸውን አድርገው መጡ። መድረኩ ላይ ወጥተው ጊታራቸውን ገጣጠሙና የማንበቢያ መነጽር ከኪሳቸው አውጥተው አደረጉ። ማርሊ መድረክ ላይ በመነጽር አይታቸው አታውቅም። ኬብል ልትሰካላቸው ስትጠጋ ምክንያቱ ገባት። ናስትሮው ተልጧል። ነጫጮቹ መስመሮች ተገልጠዋል፤ ዳርና ዳራቸው ላይ የድሮው ሙጫ አቧራ ይዞ ተጣብቋል። ሚስተር ዴልበርት ኬብሉን ተቀበሏት፤ ቀና ብለው ግን አላዩዋትም።

ቫልሱ ደረሰ። አባቷ ደጋኑን ወደ መሬት ዘቀዘቀ። ማርሊ ጣቷን ከሦስተኛዋ ቁልፍ ላይ አንስታ እጇን ጭኗ ላይ አሳረፈች። አባቷ እንደገና ዘቀዘቀ። አየችው፤ አልነካቻትም።

ሚስተር ዴልበርት ጀመሩ። ድምፃቸው ከፋሲካ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አዳራሹን ሞላው። ከፍ የሚለው ቦታ ላይ ደረሱ። ብረቱ መስመሩ ላይ አረፈ። ቀጣዩም፣ ከዚያም የሚቀጥለው እንደዚሁ። አባቷ መጀመሪያ ደነገጠ፣ ከዚያ ፈገግ ብሎ ደጋኑን ወደ ጣሪያው አነሳው፤ ጨምሪ ማለቱ ነው። ደናሾቹ ሲያበቁ አጨበጨቡ። በአዳራሹ ካሉት ደናሾች በዕድሜ የሚበልጡት ሚስስ ኦቲሊ ወደ መድረኩ ዞረው «ዴልበርት፣ የት ከርመህ ነው?» አሏቸው።

«ኧረ አሪፍ ናቸው» አለች ኬሊን። «ታዲያ ችግሩ ምን ነበር?»

 ሁሉም ድምፅ ልክ ነበር። ሚስተር ዴልበርት ግን ዓይናቸውን አልጨፈኑም። አዲስ ማንበብ የጀመረ ልጅ እያንዳንዱን ቃል በጣቱ እየተከተለ እንደሚያነብ፣ መስመሮቹን አንድ በአንድ እየፈለጉ ነበር የተጫወቱት። ሊያለቅስ ብሎ የተወው ሰው ከዚያ ቫልስ ውስጥ ወጥቶ ሄዷል። ያንን የሰማች እሷ ብቻ ነበረች። ይህን እንድትሰማ ያደረጓትም እሳቸው ናቸው።

በእረፍቱ ሰዓት ወለሉን አቋርጠው መጡ። መነጽሩን አላወለቁም።

«ከዚህ ማዶ እንዴት ነበር?»

የለመደችው መልስ አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ብትላቸው ዛሬ ማንም ውሸታም አይላትም፤ አዳራሹ ሙሉ አጨብጭቧል።

«መስመሩ ላይ ነበር» አለች።

«ሁሉም?»

«ሁሉም መስመሩ ላይ ነበር፣ ሚስተር ዴልበርት።»

መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት። «እንደዚያ መስሎኛል» አሉ።

ማርሊ ጠበቀች። ባርኔጣቸውን ነካ አድርገው ረቡዕ እንዲሏት ጠበቀች። እሳቸው ግን መነጽሩን ኪሳቸው ከትተው ወደ መድረኩ ተመለሱ።

ማምሻውን ኬብል ሲጠቀልሉ አባቷ ደስ ብሎት ነበር። «አየሽ? ሳንነግራቸው ራሳቸው አስተካከሉት» አለ። «ወንበሩ እንግዲህ ትንሽ ይቆይሻል።»

ይህን ስትሰማ ቅር አላት። ቅር በማለቷም አፈረች። ኬብሉን ጠቅልላ ሣጥኑ ውስጥ አስቀመጠችና ባዶውን መድረክ አየችው። ረቡዕ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ወደ ጋራዡ ትሄዳለች። ካልከፈቱላት ደጁ ላይ ትቀመጣለች።