በግራ ጆሮዬ የገባው ሰላምታ

ገና ከጅምሩ እንግባባ ወዳጄ፣ እኔ የጂን ወሬ ሲነሳ ሻዬን ይዤ ሌላ ጠረጴዛ የምቀይር ሰው ነኝ። ቡታጅራ ውስጥ የሚያውቀኝ ሁሉ ይመሰክርልኛል፣ አናጢ ነኝ፣ ቆርቆሮ እመታለሁ፣ ጣሪያ ላይ ስወጣ የማምነው የረገጥኩትን ወራጅ እንጨትና የመታሁትን ሚስማር ነው፣ ሌላው ሁሉ ሥራ ፈት የሚያወራው ነው ብዬ የኖርኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ ይኼን ስነግርህ ላስፈራራህ ብዬ አይደለም፣ እኔው ራሴ ስለተቃጠልኩ ነው።

ነገሩ የጀመረው ስሰግድ ነው። ሱጁድ ወርጄ ግንባሬ ምንጣፉን ሲነካ መስጂዱ ከነሰዉ የተገለበጠ መሰለኝ፣ እንዳልወድቅ ምንጣፉን ጨምድጄ ያዝኩ፣ መሬት ላይ ተደፍቼ ወዴት ልወድቅ እንደነበር እንጃ! ከዚያ ወዲያ ጎንበስ ስል፣ ቀና ስል፣ አልጋ ላይ ስገላበጥ ሁሉም ነገር ይዞርብኝ ጀመር። ግራ ጆሮዬ እንደ ፈላ ማንቆርቆሪያ ያፏጫል፣ ቆይቶ ማፏጨቱ ብቻ ቀረና መስማቱ ጠፋ። ቆርቆሮ የሚመታ ሰው ሲያዞረው ምን ማለት እንደሆነ ይገባሃል? እንጀራው ተዘጋ ማለት ነው። ከመሰላሉ ግማሽ ሳልደርስ አዙሮኝ እወርዳለሁ፣ የጀመርኩትን ጣሪያ ሌላ አናጢ ጨረሰው፣ እኔ በዚህ ዕድሜዬ ታች ቆሜ ሚስማር አቀባይ ሆንኩ።

ያልሄድኩበት የለም። እዚሁ ቡታጅራ ሐኪም ቤት የጆሮ ጠብታ ሰጡኝ፣ ጠብታው አንገትጌዬን ከማራስ በቀር የፈየደልኝ ነገር የለም። አዲስ አበባ ያየኝ ሐኪም የውስጥ ጆሮህ ነው ብሎ አስተኝቶ ጭንቅላቴን ወዲህና ወዲያ አዟዟረው፣ ትንሽ ተሻለኝና ተመልሶ መጣ። ወልቂጤ ያገኘሁት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ደግሞ የአንገትህ የላይኛው አጥንት ሸርተት ብሎ ይሆናል፣ ውጭ አገር እሱን ብቻ የሚያስተካክሉ ሐኪሞች አሉ አለኝ። እዚህስ? ስለው፣ እዚህ የሉም አለና ፈገግ አለ። እመነኝ፣ ከበሽታው ይልቅ ያቺ ፈገግታ ናት ያቃጠለችኝ! በዚያ ጠመዝማዛ መንገድ ፌስታል ይዤ እያስመለስኩ ቡታጅራ ገባሁ።

ባለቤቴ ዘምዘም ይኼን ስነግራት፣ «እዚህ የሉም ያለህ ማነው? አባባ ነስሩ አሉ አይደል እንዴ?» አለችኝ።

አባባ ነስሩ ከከተማው ወጣ ብለው የሚኖሩ ወጌሻ ናቸው።

«እሳቸው የተሰበረ እጅ ነው የሚያሹት» አልኳት።

«አንገትም ያሻሉ። አንተ ደግሞ ካልተከራከርክ አይሆንልህም!»

ለመከራከር እንኳ አቅም ስላልነበረኝ ሄድኩ። የከሰዓቱ የአስር ሶላት ተሰግዶ ነበር፣ ቤተሰባቸው ገበያ ወጥቶ ብቻቸውን ናቸው። በሩን ከውስጥ ቀረቀሩና ጎጇቸው መሃል ካለው ምሰሶ ሥር አስቀመጡኝ፣ ከኋላዬ ሆነው እጃቸውን ቅቤ ቀቡ።

«ስማ ጀማል፣ አንገትህን ከያዝኩ በኋላ ምንም ብትሰማ ቃል እንዳይወጣህ። እስክለቅህ ዝም።»

ምላሴን እንዳልነክስ ነው ብዬ አሰብኩ፣ እኛም ሚስማር አፋችን ውስጥ ይዘን አናወራም። ዓይኔን ጨፈንኩ፣ አውራ ጣታቸውን ከጆሮዬ ሥር፣ አንገቴ ከጭንቅላቴ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ተከሉት።

መጀመሪያ ፉጨቱ ጠፋ። ስንት ጊዜ ስለምነው እምቢ ያለው ፉጨት ጸጥ ሲል ልቤ በደስታ ዘለለ። ቀጥሎ የደረቀ የእንሰት ቅጠል የሚረግጥ እግር ሰማሁ፣ ኮሽ፣ ኮሽ ይላል፣ የሰማሁትም በዚያው በደነቆረው በግራ ጆሮዬ ነው! ዳንኩ ብዬ ልጮህ ምንም አልቀረኝም። እግሩ ቤቱን ይዞራል፣ ግን ልብ በል፣ ቤቱን የሚዞር ሰው አንዴ ከኋላህ አንዴ ከቀኝህ መሰማት አለበት፣ ይኼኛው እየዞረም ከግራዬ አልወጣም። በመጨረሻ ቆመና በደከመ ድምፅ፣ «አሰላሙ አለይኩም» አለ።

እስቲ አንተ ፍረደኝ። እኔ የተጣላሁት ሰው እንኳ ሰላም ሲለኝ ፊቴን አጥቁሬ እመልሳለሁ፣ ሰላምታ ሰምቶ ዝም የሚል ሰው በእኛ ቤት አላደገም። ሳላስበው ከአፌ ወጣ።

«ወአለይኩም ሰላም።»

አንገቴ ቀጭ አለ። የሽማግሌው እጅ እዚያው ደረቀ።

«ለማን ነው?»

«በር ላይ ላለው ሰውዬ ነዋ!»

ሊከፍቱ አልሄዱም፣ በሩን እንኳ አላዩም። እጃቸውን በጋቢያቸው መጥረግ ጀመሩ።

«በቀኝ በኩል ይቀራል እኮ» አልኳቸው።

«አልነካህም።»

«ለምን? ምን አጠፋሁ?»

«ሂድ ልጄ፣ አላህ ይጠብቅህ።»

በጣም ተናደድኩ። እኔ የሰው ጣሪያ ግማሹን አልብሼ መሰላሌን ተሸክሜ አልሄድም! መቀርቀሪያውን ራሴ ከፍቼ ወጣሁ፣ ደጁ ተጠርጓል፣ አንድም የደረቀ ቅጠል የለበትም።

ማዞሩ ግን ለቀቀኝ፣ ይኼን አልክድም። ሱጁድ ወረድኩ፣ ጣሪያ ላይ ወጣሁ፣ ዘምዘም በደስታ አለቀሰች። ግራ ጆሮዬ እንደ ደነቆረ ቀረ፣ ከአንድ ነገር በስተቀር፤ በየቀኑ አስር ከተሰገደ በኋላ ያ የደከመ ድምፅ ሰላም ይለኛል። መጀመሪያ ከሩቅ ነበር፣ ከዚያ ከመሰላሉ ሥር፣ ከዚያ እኔ ከቆምኩበት ወራጅ ጫፍ ሆነ። እየመለስኩ ሥራዬን እቀጥላለሁ። አባባ ነስሩ ጋ ተመልሼ ብሄድ በሩን ሳይከፍቱ፣ «ሰላምታውን መልሰህለት የለ? ከዚያ ወዲያ ያለው የእኔ ሥራ አይደለም» አሉኝ። ሐኪሙም የእኔ ሥራ አይደለም፣ ወጌሻውም የእኔ ሥራ አይደለም ካሉ፣ ታዲያ የማን ሥራ ነው?

ባለፈው ሳምንት በቃኝ አልኩ። ጣሪያ ላይ ሆኜ፣ «አሰላሙ አለይኩም» ሲለኝ ጥርሴን ነክሼ ዝም አልኩ። ወዲያው ቆርቆሮው ከሥሬ ዞረ፣ ወራጁን አቅፌ፣ እየተንፏቀቅኩ፣ ሠራተኛ ሁሉ እያየኝ ወረድኩ። ግድግዳ እየደገፍኩ ቤቴ ደረስኩ፣ ከንዴቴ የተነሳ ሚስቴን ሰላም ሳልል ገባሁና ጫማዬን ለማውለቅ ተቀመጥኩ።

ዘምዘም ከጓዳ፣ «ወአለይኩም ሰላም» አለች። «ምነው ድምፅህ? ደክሞሃል?»

አፌን አልከፈትኩም ነበር ወዳጄ። ማዞሩም እዚያው ተወኝ።

ከዚያን ቀን ወዲህ እኔን ሰላም የሚለኝ የለም፣ እንደ ልቤ ጣሪያ ላይ እወጣለሁ። ትናንት በጊዜ ገብቼ ስሰማ ግን ዘምዘም ጓዳ ብቻዋን ሆና ለአንድ ሰው ሰላምታ ትመልሳለች። ንገራት ትለኝ ይሆናል። ምን ብዬ ልንገራት? ሰላም ለሚልሽ አትመልሺ ልበላት?