የሱፍ ነጋዴው ራዲዮ

በ፲፱፻፳፰ ዓመተ ምሕረት በጥቅምት ወር፣ በሀገር ቤት እህል በሚያሽትበት ሰሞን፣ በሜልቦርን ጸደይ ገብቶ ነበር፤ ከያራ ወንዝ የሚነሣው ነፋስ ግን ገና ብርዱን አልጣለም፤ የቆዳ ፋብሪካዎቹን ሽታ እየነዳ በኮሊንግዉድ ጠባብ መንገዶች ያልፍ ነበር። በዚያ ሰፈር፣ ሃርግሪቭ በሚባል ሰው ጋራዥ ውስጥ፣ ዋቅጋሪ ዱጉማ የተባለ የድሬዳዋ ተወላጅ በባለጸጎች አውቶሞቢል ላይ ራዲዮ እያስገባ ይተዳደር ነበር።

ሽቦ መቀጠልን የተማረው በምድር ባቡር ኩባንያ ነው፤ ኋላም በጅቡቲ ለመርከብ ከሰል ሠራተኝነት ተቀጥሮ ሜልቦርን ወረደና በዚያው ቀረ። ሕጉ ጥቁር ሰው በአገሩ እንዳይሰፍር ይከለክል ስለ ነበር፣ ከእንግሊዝ ግዛት ከኤደን በፈቃድ የመጣሁ ነኝ ይል ነበር፤ ከሃርግሪቭና ከገዛ ሚስቱ ከፈጡማ በቀር እውነቱን የሚያውቅ አልነበረም። ፈጡማ የሐረር ልጅ ናት፤ የአንድ መኮንን ልጆች ሞግዚት ሆና መጥታ፣ አሁን በአጠገቡ ባለው ሰፈር በፊትዝሮይ በተከራዩአት አንዲት ክፍል ውስጥ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛለች።

በመስከረም ማለቂያ የኢጣልያ ጦር ድንበር ጥሶ ገባ። የዋቅጋሪ ታናሽ ወንድም ጋዲሳ ወደ ኦጋዴን ግንባር ዘምቶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ወሬው ጠፋ።

በዚሁ ሰሞን ሎክዉድ የተባለ የሱፍ ነጋዴ አዲስ ያስመጣውን ትልቅ አውቶሞቢል ወደ ጋራዡ አመጣ። በአውቶሞቢል ውስጥ ራዲዮ መስማት ገና ብርቅ ነበር፤ ሞተሩ ሲነሣ ብልጭታው እያንኮሻኮሸ ድምፁን ይውጠው ነበርና፣ ዋቅጋሪ የጣሪያውን ጨርቅ ፈትቶ ከሥሩ የራዲዮውን ሞገድ የሚቀበል የመዳብ መረብ ዘረጋ፤ የሞተሩንም ሽቦዎች በብረት ሸፈነ፤ ከብዙ ድካም በኋላ ድምፁ ጠራ።

በሙከራው ዕለት ሎክዉድ ከአንድ የመርከብ ወኪል ጋር ከኋላ ተቀመጠ፤ ዋቅጋሪም ራዲዮውን እንዲያስተካክል ከሾፌሩ ጎን ሆኖ ወደ ሴይንት ኪልዳ ባሕር ዳርቻ ወረዱ። መንገድ ላይ ዜና ተነገረ፤ በኦጋዴን የኢጣልያ አውሮፕላኖች ቦምብ መጣላቸውን፣ የሞተውም ሰው ብዛት አለመታወቁን ተናጋሪው በረጋ ድምፅ አነበበ። ዋቅጋሪ ማዞሪያውን ነክቶ ድምፁን ከፍ አደረገ።

ወኪሉ፣ መንግሥት ከኢጣልያ ጋር መነገድን ሊከለክል ነው የሚባለውን አንሥቶ ነጋዴውን ጠየቀው።

«ሕጉ እስኪወጣ ሱፌ ባሕር ላይ ይሆናል» አለ ሎክዉድ። «መርከቧ ሰኞ ትጫናለች። ወታደር ካፖርት ይፈልጋል፤ ካፖርት ደግሞ ያለ ሱፍ አይሰፋም።»

ከዚያም ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ የዋቅጋሪን ሥራ አመሰገነና የየት አገር ሰው እንደ ሆነ ጠየቀው።

«የኤደን ሰው ነኝ፣ ጌታዬ» አለ ዋቅጋሪ፤ ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ወንድሙን የካደ መሰለው።

እቤቱ ሲገባ የሰማውን ለፈጡማ ነገራት። የወደቡ ሠራተኞች ጦርነቱን እንደሚቃወሙ፣ ቢነግራቸው ሱፉን አንጭንም ሊሉ እንደሚችሉ፣ ነገር ግን ማን ነህ ሲሉት እውነቱን መናገር ግድ እንደሚሆንበት አልሸሸጋትም።

«እርስዎ ከተናገሩ ያባርሩናል» አለችው ፈጡማ። «ካልተናገሩ ደግሞ እዚሁ እንኖራለን፤ ግን ይህ ልጅ ስለ አጎቱ ሲጠይቅዎ ምን ይሉታል?»

«አትፈሪም?»

«እፈራለሁ። ቢሆንም ይሂዱ።»

ሰኞ ጠዋት ዋቅጋሪ በወደቡ በር ሣጥን ላይ ቆሞ ስሙንና አገሩን፣ የወንድሙንም መዝመት ተናገረ፤ ሱፉም ለማን እንደሚሄድ ገለጸ። ሠራተኞቹ ተከራከሩ፤ ሥራ በጠፋበት ዘመን ልጆቻቸው የሚበሉት ያጡ ነበሩና ነገሩ ቀላል አልነበረም፤ ኋላ ግን እጃቸውን አውጥተው አንጭንም አሉ። መርከቧ ጥቂት ቀን ባዶዋን ቆመች፤ ከዚያ ሌሎች ሰዎች በጠባቂ ታጅበው ገቡና ሱፉ ተጫነ።

ወዲያው ሹማምንት ወደ ጋራዡ መጡ። ሃርግሪቭ በሩን ዘግቶ ቆመና እንዲህ ያለ ሰው አላውቅም አላቸው። ዋቅጋሪ ከውስጥ ሆኖ ሰማ፤ የጓሮው በር ክፍት ነበር፤ ቢያመልጥ ግን ሃርግሪቭ በውሸቱ እንደሚታሰር ያውቃል። እጁን በጨርቅ ጠርጎ ወጣና፣

«የምትፈልጉት እኔን ነው» አለ።

እንደ ሕጉ ልማድ በአንድ የአውሮፓ ቋንቋ የሚነበብለትን እንዲጽፍ አዘዙት፤ መጻፍ ያቃተው ከአገር ይባረር ነበር። ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ ማወቁን ስለ ሰሙ፣ በሆላንድኛ አነበቡለት። አንድ ቃል ሳይጽፍ ብዕሩን አስቀመጠ። ፈጡማ በሞግዚትነቷ እንድትቀር ተፈቅዶላት ነበር፤ እርሷ ግን ልብሷን ጠቅልላ አብራው ተሳፈረች።

ከኢጣልያ ጋር መነገድን የሚከለክለው ሕግ በኅዳር ወጣ፤ ከተከለከሉት ሸቀጦች መካከል ግን ሱፍ አልነበረበትም። ጋዲሳ ከኦጋዴን አልተመለሰም፤ መቃብሩንም ያየ የለም። ዋቅጋሪና ፈጡማ ጅቡቲ ላይ ሴት ልጅ ወለዱ፤ ስለ አጎቷ ስትጠይቅም አባቷ የሚያውቀውን ሁሉ ሳይሸሽግ ነገራት። የዚያን ዘመን ታሪክ የጻፉ ሰዎች ስለ ጦርነቱ የተደረጉትን ጉባኤዎች ቀንና የተናጋሪዎቹን ስም በጥንቃቄ ይዘዋል፤ የተራቡ ሠራተኞች አንድ እንግዳ ሰው ስለ ወንድሙ ሲናገር ሰምተው የዕለት እንጀራቸውን መተዋቸውን ግን የመዘገበ የለም።