የሌላ ዕቃ ብሎኖች

ሰፈሩ «ፈታሁት» እያለ የሚጠራው የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ በሱቁ ጠረጴዛ ላይ ተደፍቶ የተገኘው ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነበር። ቀኝ እጁ ክዳኑ የተነሳ ማይክሮዌቭ ውስጥ ገብቷል፤ ጣቶቹ ጠቁረዋል። ያገኘችው ታናሽ እህቱ ናት።

ያስፈራት ሬሳው ብቻ አልነበረም። ስትደርስ ከበሩ ውጪ ያለው ብሬከር ወርዶ አገኘችውና፣ ጋሼ በጨለማ እንዳይቀመጥ ብላ መልሳ አነሳችው። ከዚያ ነው በሩን የገፋችው። እጁ ዕቃው ውስጥ ሳለ ኤሌክትሪኩን የለቀቀችበት እሷ ናት! ብትታሰር የሦስት ዓመት ልጇ ከአባቷ በቀር ማንም የላትም።

መርማሪዋ ኢንስፔክተር አጭር፣ ድምጿ ዝግ ያለ ሴት ናት። መጀመሪያ ከሱቁ ጎን የሚኖሩትን አከራይ ጠየቀች።

«እኔ ምኑን አውቄው!» አሉ አከራይዋ። «አንድ ሰዓት ላይ ቤቴ መብራቱ ድርግም ብሎ ተመለሰ። እሱ የሆነ ነገር ሲያቃጥል ሁሌም እንዲህ ነው ብዬ ተውኩት።»

«አንቺስ መቼ መጣሽ?»

«ሁለት ሰዓት» አለች እህቲቱ። ብሬከሩን ማንሳቷን ግን ደበቀች።

ባሏ የቢሮ ስልክ ገጣሚ ነው፤ ትከሻዋን አቅፎ አልለቅ ብሏል። «አይፍረዱባት፣ ኢንስፔክተር። ትናንት እዚሁ ወንበር ላይ ‹ጋሼ፣ ቤቴን ፈራሁት፣ እንቅልፍ አጣሁ› እያለች ስታለቅስ ነበር። ሳታውቀው የሆነ ነገር ነክታ ይሆናል።»

«እርስዎም አብረው ነበሩ?»

«እኔማ ሥራ ላይ ነበርኩ። ሱቁን ከረገጥኩ ወር አልፎኛል።»

እህቲቱ ሰማችው፤ ልቧ ግን ብሬከሩ ላይ ነበር።

መርማሪዋ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ አለች። የማይክሮዌቩ ብሎኖች በአንድ ቆርቆሮ ውስጥ ተዘግነው ተጥለዋል። አጠገባቸው ካርቶን አለ፤ ክብ ነገር ተሥሎበት አራት ጥቃቅን ብሎኖች ተሰክተውበታል። በክቡ ውስጥ በሟቹ እጅ ጽሑፍ «ባትሪ»፣ «ማይክ»፣ «ሲም» ይላል።

«ወንድምሽ ዕቃ ሲፈታ እንዴት ነበር?»

«የዕቃውን ጀርባ ካርቶን ላይ ይሥልና እያንዳንዱን ብሎን በየቦታው ይሰካል። አንዷን ካደባለቁበት ቀኑን ሙሉ ያኮርፋል» አለች፤ እንባዋ መጣ።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም ጠረጴዛው ዙሪያ ሰበሰበቻቸው።

«ማይክሮዌቩን የፈታው ሟቹ አይደለም። እሱ ብሎን አይዘግንም። ሲፈታ የነበረው ይሄን ክብ ዕቃ ነው፤ ዕቃው ግን የለም። ምንድን ነው?»

«የመኝታ ቤታችን ሰዓት» አለች እህቲቱ። «ባትሪ በየሳምንቱ ይጨርሳል። ባሌ አትንኪው ስላለኝ ትናንት ደብቄ አመጣሁት።» ከዚህ በላይ መቻል አቃታት። «ኢንስፔክተር፣ ብሬከሩን ያነሳሁት እኔ ነኝ! እኔ ነኝ የገደልኩት!»

«ለምን ወርዶ ነበር?»

መርማሪዋ ራሷ መለሰችው።

«አንድ ሰዓት ላይ ኤሌክትሪኩ ወንድምሽን ሲይዘው ወረደ። የእትዬ መብራት ድርግም ያለውም ያኔ ነው። አንቺ ስታነሺው እሱ ከሞተ ሰዓት አልፎታል።»

መርማሪዋ ግን አልጨረሰችም።

«ለግድግዳ ሰዓት ማይክና ሲም ምን ያደርግለታል? የቤቱን ወሬ ለሆነ ሰው ያደርስለታል እንጂ። ትናንት ማልቀስሽን ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም።»

መርማሪዋ ወደ ባልየው ዞረች፤ «እርስዎ» ማለቷንም ተወች። «አንተ ግን ቃል በቃል ነገርከኝ። ሰዓቱ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ዛሬ ጠዋት ሲፈታው ሰማህና መጣህ። የተላጠ ገመድ እጁ ላይ አሳረፍክበት፤ ማይክሮዌቩን ከፍተህ እጁን ውስጡ ያስገባኸው ከዚያ በኋላ ነው። ሰዓቱን አሁን ከሥራ ቦርሳህ አገኘነው፤ አራት ብሎን ይጎድለዋል።»

ትከሻዋ ላይ ያለው እጅ ጠበቀ።

«ስለምወድሽ ነው» አላት ባሏ በጆሮዋ።

ጮኸች። ሁለት ፖሊሶች ጣቶቹን አንድ በአንድ አላቀቁላት።

ከተወሰደ በኋላ መርማሪዋ ወንበር ስባ አስቀመጠቻት። «ሌላስ ወደ ቤት ያመጣው ዕቃ አለ?»

መቁጠር ጀመረች። ሬዲዮው፣ የራስጌው መብራት፣ የበሩ ደወል፣ የልጇ የሚዘፍን አሻንጉሊት። አሻንጉሊቱን ልጅቷ አቅፋው ነው የምትተኛው።

«ባለሙያ እልካለሁ» አለች መርማሪዋ።

«አይ፣ እኔ እፈታዋለሁ።» ከወንድሟ ዕቃዎች መሀል ትንሿን ካቻቢቴ አነሳች። «ልጄን ብቻ ውጪ ያዙልኝ።»