የቧንቧ ሰፈር አረንጓዴ

ትርሲት ግድግዳውን ቁርስ እያበላች ነበር። ሆምጣጤ፣ ጥቂት ጨው፣ ከአሞኒያ አንድ ሁለት ጠብታ። በመርጫው ከላይ ወደ ታች ስትረጨው ጠብታዎቹ አልቸኮሉም፤ ጨረቃ ላይ የሚወድቅ ነገር ሁሉ አስቦበት ነው የሚወድቀው። መዳቡ እርጥበቱን ሲቀምስ ፊቱ ተለወጠ። መጀመሪያ የደረቀ ቅጠል መሰለ፤ ከዚያ ብርቱካን፣ ከዚያ የበሰለ በርበሬ ሆነ። ከጣሪያው ሥር ደግሞ ወይን ጠጅ ቀለም ብቅ አለ።

«ጠገበ?» ብላ ጠየቀች።

«ጠግቧል» አለ ነጋሪ፣ ጆሮዋ ላይ ካለችው ትንሽ ማዳመጫ። «ግን ከታች በኩል አረንጓዴ አለ።»

«አረንጓዴ አልሰጠሁትም።»

«አውቃለሁ። የምነግርሽም ለዚያ ነው።»

ትርሲት ጎንበስ አለች። ከወለሉ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ በመተላለፊያው ርዝመት ሙሉ፣ እፍኝ እፍኝ የሚያህሉ ክብ ምልክቶች ተደርድረዋል። አንዱ ዝቅ፣ አንዱ ከፍ ያለ ነው። ቀለማቸው የለጋ ሣር ነው።

ግድግዳው ጌጥ ብቻ ቢሆን ኖሮ በጨርቅ ወልውላው ትሄድ ነበር። ግን ጌጥ ብቻ አልነበረም። በላይ ቤት (ከተማዋን የሠሯት መሐንዲሶች ረጅም ስም አውጥተውላት ነበር፤ ከጨረቃ መሬት ሥር የሚኖረው ሕዝብ ግን ላይ ቤት ይላታል፣ ምድርን ደግሞ ታች) መተላለፊያው ሁሉ የሚለበጠው በመዳብ ነው። መዳቡ ደግሞ የሚያጌጠው በዝገተ ቀለም ነው። ዝገተ ቀለም ቅብ አይደለም። ብረቱን በጨውና በሆምጣጤ ሲያስቆጡት የገዛ ቆዳው የሚያወጣው ቀለም ነው። ታች ቢሆን ዓመታት ይፈጃል። እዚህ ግን ጉንዳን የሚሏቸው ከአቧራ ያነሱ ማሽኖች በመዳቡ ቆዳ ውስጥ ይመላለሳሉ፤ ጨውን ከቦታ ቦታ እያጓጓዙ ሥራውን በሰዓታት ያደርሱታል። ትርሲት በየጠዋቱ ስትመግባቸው የተበላሸውን አድሰው ግድግዳውን ወደ ቀድሞ ቀለሙ ይመልሱታል።

እንዲህ ያለ ንቁ ቆዳ አየሩን ያሸታል። የሰልፈር ጋዝ ካመለጠ ይጠቁራል። አሞኒያ ከበዛ ሰማያዊ ይሆናል። ከውሃ ማጣሪያው ክሎሪን ካፈሰሰ አረንጓዴ ይወጣል። ነጋሪ የሚባለው ማሽን ቀለሙን ከጉንዳኖቹ እየተቀበለ ያነባል፤ ያነበበውንም ለትርሲትና ለአደጋ መከላከያ ይናገራል።

እናም ቀድሞ ተናግሯል። ብዙም ሳይቆይ ምንተስኖት ጭምብሉን አጥልቆ፣ ሁለት ሰዎች አስከትሎ፣ በጨረቃ አረማመድ እየዘለለ መጣ። የአደጋ መከላከያ ኃላፊ ነው፤ ረጅም፣ ረጋ ያለ፣ ያልለካውን የማይናገር ሰው።

«ክሎሪን?» አለ በጭምብሉ ውስጥ።

«አረንጓዴ ነው ያልኩት እኔ» አለ ነጋሪ።

አየሩን ለኩ፤ ንጹሕ ነው። ከግድግዳው ጀርባ የሚያልፈውን የሙቅ ውሃ ቧንቧ ፈተሹ፤ ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከዚህ ቧንቧ ነው። እሱም ደረቅ ነው፣ አያፈስም። ምንተስኖት ጭምብሉን አውልቆ ላቡን ጠረገ።

«ትርሲት፣ ምናልባት ያንቺ ቅልቅል ይሆን?»

«እኔም ጠርጥሬ ነበር። ግን ያው ቅልቅል ሌላው ሰፈር ላይ አረንጓዴ አላወጣም።»

«እንግዲህ ምክንያቱን ካላወቅን እንደ መፍሰስ ነው የምቆጥረው። ነገ ጠዋት ፈረቃ ሲቀየር ሰፈሩን እዘጋለሁ።»

«ሰዎቹስ?»

«ባዶ አልጋ በተገኘበት።» ይህን ሲል ፊቷን አላየም። «አዝናለሁ። ሳላውቅ ሰው እዚህ አላስተኛም።»

ትርሲት አልተከራከረችውም፤ እሷም በእሱ ቦታ ብትሆን ያንኑ ታደርግ ነበር። ይሁን እንጂ በላይ ቤት አንዴ የተዘጋ ሰፈር ተመልሶ ተከፍቶ እንደማያውቅ ሁሉም ያውቃል። ቧንቧ ሰፈር ደግሞ ከታች ብቻዋን ስትመጣ «ነይ፣ ምሳ በልተሻል?» ያላት ሰፈር ነው። የምትኖረው እዚሁ ነው። ቤተሰብ የምትለውም እዚሁ ያለውን ጎረቤት ነው።

ከአንዱ ምልክት በጥጥ ጠርጋ፣ ነጋሪ እንዲመረምረው ግድግዳው ላይ ወዳለው መመርመሪያው አስጠጋችው።

«ስብ ነው» አለ ነጋሪ። «ከማውቃቸው የማሽን ግራሶዎች ጋር አይገጥምም።»

«ስንት ግራሶ ታውቃለህ?»

«ሁሉንም።»

ጎረቤቶቿን እየዞረች ጠየቀች። «ግድግዳው አካባቢ የተለየ ነገር አይታችኋል?» ማንም አላየም። ጥያቄዋን ሳትጨርስ ነበር ሁሉም «አላየንም» የሚሏት። እንዲህ ፈጣን መልስ ያሳስባል። ደግሞ ዛሬ የሰፈሩ ሴቶች ሁሉ ሻሽ አስረዋል።

ደክሟት ወደ ግድግዳው ተመለሰች። ጀርባዋን አስደግፋ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። መዳቡ ሞቅ ያለ ነው፤ ከጀርባው ቧንቧው አለ። በዚህች ፀሐይ በማይገባባት ከተማ እንዲህ የሚሞቅ ሌላ ቦታ የለም። ሙቀቱ ትከሻዋን ሲያፍታታው ጭንቅላቷን ወደ ኋላ ለቀቀችው።

ጭንቅላቷ በትክክል አንዱ አረንጓዴ ክብ ላይ አረፈ።

ብድግ አለች። ዞር ብላ አየችው። ከዚያ ጥጡን ከኪሷ አውጥታ አሸተተችው፤ ቀድሞ ማሽተት ነበረባት፣ ግን ሥራውን ለማሽኑ ትታለት ነበር። አደስ ይሸታል። እናቷ ለጸጉሯ ቅቤ ስታነጥር የምትጨምረው አደስ።

እየሮጠች ሄዳ የእትዬ ጌጤነሽን በር አንኳኳች። እትዬ ጌጤነሽ የችግኝ ቤቱ ኃላፊ ናቸው፤ በላይ ቤት አደስ የሚያበቅለው እሳቸው ጋ ብቻ ነው። በሩን ከፈቱላት። ሻሻቸው እስከ ቅንድባቸው ወርዷል።

«እትዬ፣ ቅቤ ተቀብተዋል?»

«እኔ? ቅቤ? ምን ትላለች ይቺ! ሕጉን የማላውቅ መሰለሽ?»

ከሻሻቸው ሥር አንዲት ጠብታ ብቅ አለች። ታች ቢሆን ጠብታዋ ወርዳ አልቃ ነበር። እዚህ ግን መንገድ እንደጠፋው ሰው በግንባራቸው ላይ ቀስ እያለች፣ እየቆመች ወረደች። ሁለቱም በዓይናቸው ተከተሏት። ቅንድባቸው ጋ ደርሳ ተንጠለጠለች።

«ላብ ነው» አሉ እትዬ ጌጤነሽ።

«አደስ አደስ የሚል ላብ?»

ከውስጥ የሳቅ ድምፅ ተሰማ። ወዳጃቸው እትዬ የሻረግ ናቸው፤ አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። «በቃ ጌጤ፣ ልጅቷ አፍንጫ አላት!»

ነገሩ ወጣ። በላይ ቤት ላም የለም፤ ቅቤ የሚረባው በጋን ውስጥ ነው፣ የሚሰጠውም ለመብል ብቻ። ጸጉር መቀባት የተከለከለ ነው፤ ስቡ አየር ማጣሪያውን ይደፍናል ተብሎ። ሴቶቹ ግን ከወጣቸው እየቀነሱ ያጠራቅማሉ፤ የዕረፍት ሰዓት ሲሆን ይቀባቡና ግድግዳውን ተደግፈው ይቀመጣሉ። በየጊዜው ጥቂት ጥቂት የቀረው ስብ ተጠራቅሞ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ከቁርሱ በረታ።

«ለምን ግድግዳው ላይ?»

«ልጄ፣ ቅቤ በብርድ አናት ላይ ተቀምጦ ይቀራል እንጂ ይገባል? ታች ፀሐይ ነበረችን። እዚህ ምን አለን? ያንቺ ግድግዳ አለን።»

«ቀለሙም ደስ ይላል» አሉ እትዬ የሻረግ። «ጀርባ ሰጥተነው እንኳ ይታወቀናል።»

«ዛሬ አደጋ ተብሎ ሰው ሲመጣስ ለምን አልተናገራችሁም? ነገ ሰፈሩ ሊዘጋ ነው!»

የሁለቱም ፊት ተለወጠ። መዘጋቱን አልሰሙም ነበር፤ ቢበዛ ቅቤያችንን ይቀሙናል ብለው ነበር የሰጉት። እትዬ ጌጤነሽ ሻሻቸውን ፈትተው ወረወሩት። ሻሹ ሳይቸኩል ወደ ወለሉ ሄደ። «ተነሺ የሻረግ። የት ነው ያለው ያ ልጅ?»

ምንተስኖት የሴቶቹን ቃል እስከ መጨረሻው ሰማ። አልተቆጣም። ግን አላመነም። «ሰፈራችሁ እንዳይዘጋ ስትሉ ይህንን ልትሉኝ ትችላላችሁ። አሳዩኝ።»

ትርሲት ቁራጭ መዳብ አመጣች፤ እንደ ግድግዳው ቁርስ አበላችው። እትዬ ጌጤነሽ ከራሳቸው ላይ በጣታቸው ጠርገው ቀቡት። ሙቅ ቧንቧው ላይ አስቀምጠውት ዙሪያውን ከበው ተቀመጡ። ጥበቃው ረዘም አለ። እትዬ የሻረግ ወሬ ጀመሩ፤ ጎረቤቶቹ አንድ በአንድ ተሰበሰቡ። ከጭምብለኞቹ አንዱ እንቅልፍ ወሰደው። የዕረፍቱ ሰዓት ሲያበቃ በቁራጩ ላይ የለጋ ሣር ቀለም ፈገግ አለ።

እልልታው መተላለፊያውን ሞላው።

«ቆይ» አለ ምንተስኖት። ከሁሉም ከፍ ብሎ፣ በሩ አጠገብ ወዳለው ምልክት ጠቆመ። «ይሄኛውስ? ከእናንተ ውስጥ ይህን ያህል ረጅም ሰው የለም።»

ትርሲት ምልክቱን አየች፤ እሱን አየች፤ እንደገና ምልክቱን አየች።

«ባለፈው ራስህን አሞህ መጥተህ አልነበር፣ ምንቴ?» አሉ እትዬ ጌጤነሽ በለሰለሰ ድምፅ።

«መድኃኒት ነው ብለው ነው የቀቡኝ!»

«ታዲያ አልተሻለህም?»

ምንተስኖት ከት ብሎ ሳቀ፤ ሲስቅ ያዩት ያን ቀን ነው። ከዚያ ድምፁን አስተካከለ። «አላየሁም አልልም፤ አይቻለሁ። ሕጉ የወጣው ማጣሪያዎቹ ደካሞች በነበሩ ጊዜ ነው። ይለወጥ ብዬ ምክር ቤቱ ፊት እቀርባለሁ። ሰፈሩ ግን አይዘጋም።»

ሰው ከተበተነ በኋላ ትርሲት ከግድግዳው ጋር ብቻዋን ቀረች።

«የውጭ ነገሩን ላጽዳው?» አለ ነጋሪ።

«የውጭ ነገር አትበለው።»

«በመዳቡ ውስጥ አልነበረም። በአየሩም ውስጥ አልነበረም። በቁርሱም አልነበረም። ታዲያ ምን ልበለው?»

መሐንዲሶቹ ከተማዋን ሲነድፉ መርዙን ሁሉ ለነጋሪ አስተምረውታል፤ የቅባቱን፣ የጋዙን፣ የአሲዱን ስም። ሰው ግድግዳ ተደግፎ እንደሚቀመጥ ግን የነገረው የለም። መቼም እነሱም ወንበራቸውን ተደግፈው ነው የነደፉት።

«ቅቤ በለው» አለች በመጨረሻ። «ከክሎሪኑ ለይተህ ያዘው። ይሄኛው አረንጓዴ ደህና የመሆን ምልክት ነው።»

«ገባኝ። ደህና የመሆን ምልክት ከሆነ፣ ሲጠፋ ላስጠንቅቅ?»

ትርሲት እየደከማት ነበር። «አዎ፣ አዎ» አለችና ሄደች።

ሕጉ ተለወጠ። ጥቂት ወራት አለፉ። ጠዋት ቁርሱ ምልክቶቹን ያደበዝዛቸዋል፤ በዕረፍት ሰዓት ራሶቹ ተመልሰው ያለመልሟቸዋል። ሌሎች ሰፈሮችም ቧንቧ የት የት እንደሚያልፍ መጠየቅ ጀመሩ።

አንድ ቀን የአደጋ ደወሉ ጮኸ። ምንተስኖት ጭምብሉን አጥልቆ፣ ሰዎቹን አስከትሎ እየዘለለ መጣ። ትርሲት መርጫዋን እንደያዘች ደረሰች።

«ምንድን ነው? ክሎሪን?»

«አይደለም» አለ ነጋሪ። «ከመሐል ሁለት ቦታዎች አረንጓዴያቸው ጠፍቷል። ደህና አይደሉም።»

ቦታዎቹ የማን እንደሆኑ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ የሁለቱን ሴቶች በር አንኳኩ። እትዬ ጌጤነሽ ጸጉራቸው ደርቆ ወጡ። እትዬ የሻረግ ከወዲያኛው በር ብቅ አሉ። አንዳቸው ሌላቸውን ሲያዩ ሁለቱም ፊታቸውን አዞሩ።

«አሟችኋል?» አለ ምንተስኖት።

«ደህና ነኝ» አሉ እትዬ ጌጤነሽ። «ከሚሰድበኝ ሰው ጎን ግን አልቀመጥም።»

«ግድግዳ ተደግፋ ታንኮራፋለች አልኩ እንጂ መቼ ሰደብኳት?» አሉ እትዬ የሻረግ። «ደግሞ ታንኮራፋለች!»

ደወሉ ይጮሃል። ምንተስኖት ወደ ሰዎቹ ዞረ፤ እነሱም አዩት። ለክሎሪን፣ ለእሳት፣ ለአየር እጥረት ሠልጥነዋል። ለዚህ አልሠለጠኑም። ቀስ ብሎ ጭምብሉን አወለቀ፤ ወለሉ ላይ ተቀመጠ፤ ሰዎቹም ተከትለው ተቀመጡ።

«እስቲ ከመጀመሪያው ንገሩን» አለ። «አንድ በአንድ። እትዬ ጌጤነሽ፣ እርስዎ ይቅደሙ።»

ብዙ ተነገረ፤ ግማሹ ስለ ማንኮራፋት አልነበረም። አንዴ ተለቀሰ፤ ሁለት ሦስቴ ተሳቀ። በመጨረሻ እትዬ የሻረግ ተነሥተው ከቅቤያቸው እፍኝ ዘገኑና የጓደኛቸውን አናት ቀቡ፤ ተቀቡም። ጎን ለጎን ተቀምጠው ራሳቸውን ወደ መዳቡ ለቀቁ።

ደወሉ አላቆመም።

«ታረቅን እኮ!» አሉት እትዬ ጌጤነሽ ግድግዳውን ወደ ኋላ በክርናቸው እየጎሸሙ። «አልሰማህም?»

«ሰምቷል» አለች ትርሲት። «ግን መዳብ ነው። ካላየ አያምንም።»

«እና ምን እናድርግ?»

«ቁጭ በሉ።»

ቁጭ አሉ። አዳኞቹም ጭምብላቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው አብረዋቸው ቁጭ አሉ፤ ደወሉ እየጮኸ፣ ሁሉም አረንጓዴውን እየጠበቁ።