ከግንቡ መደገፊያ

አስጎብኚው የሞተው እያወራ ነው። አሮጌዋን ከተማ ሲያስጎበኝ ፊቱን ወደ እንግዶቹ አዙሮ ወደ ኋላ መራመድ ልማዱ ነበር። ጥንታዊው ግንብ አናት ላይም እንደ ወትሮው ጀርባውን ለእንጨቱ መደገፊያ ሰጥቶ «ከኋላዬ የምታዩት የነገሥታቱ አደባባይ...» ሲል መደገፊያው ተገነጠለ። ከታች ጭንቅላቱ ድንጋዩ ላይ ተፈርክሶ ደሙ ፖስትካርድ ሻጮቹን ረጫቸው።

ባልደረቦቿ «መርፌ» የሚሏት መርማሪ ስባሪውን አገላብጣ አየችው። ሁለቱም አግዳሚዎች በመጋዝ ተቆርጠው ስንጥቁ በሰም ተደፍኗል። መጋዙ የተገኘው ከግንቡ ዘበኛ ክፍል ነው። ዘበኛው የሟች አማት ናቸው፤ ፖሊሶች በካቴና ጠፍረዋቸዋል።

«አባባ፣ እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ! ልጄን እንደ እባብ ሲቀጠቅጣት ዝም ልል ኖሯል?»

«የቱን አግዳሚ ቆረጡ?»

«የላይኛውን።»

የተቆረጡት ግን ሁለቱም ናቸው። እኚህ ሰው በሰው ጥፋት ወህኒ ሊወርዱ ነው።

ግንቡ ላይ ጎብኚ እያነሳ የሚኖረውን ፎቶ አንሺ ጠራችው። «ዛሬ ሥራ እንዴት ነበር?»

«ምን ሥራ አለ እቴ! ሰው ሁሉ የሚነሳው እዚያች መደገፊያ ላይ ነው። ጠዋት የመጀመሪያዎቹን እንግዶች ያመጣው ሌላኛው አስጎብኚ፣ የዘበኛው ልጅ፣ ግን ወንዙን ብቻ አሳይቶ አወረዳቸው። ጉሮሮዬን ዘጋው!»

መርፌ ሁሉንም ግንቡ አናት ላይ ሰበሰበች፦ ዘበኛውን፣ አስጎብኚ ልጃቸውን፣ ፎቶ አንሺውንና ያበጠ ዓይኗን በሻሽ የሸፈነችውን የሟች ሚስት። ሟች ለእንግዳ አፈ ማር፣ ለሚስቱ ዱላ ነበር።

«ወደ ኋላ ሄዶ እንደሚደገፍ ሁላችሁም ታውቃላችሁ» አለች። «ግን ቀድሞት ሌላ ሰው ቢደገፍስ? ገዳዩ እንግዶችን ከዚህ ማራቅ ነበረበት። ዘበኛው በር ላይ ናቸው። ሚስቱ ከእንግዶች ጋር ጉዳይ የላትም። ፎቶ አንሺው ወደዚህ ይጎትታቸዋል እንጂ አያርቃቸውም። እንግዳ የት እንደሚቆም የሚወስነው አስጎብኚው ነው።» ወደ ወጣቱ ዞረች። «አደባባዩን ትተህ ወንዙን ብቻ ያሳየኸው ለምንድን ነው?»

ልጁ ፊቱ አመድ መሰለ። «እንግዶቹ ትንሽ ሴት ልጅ ይዘው ነበር» አለ። «እሷ ብትደገፍስ?»

«ዝም በል አንተ!» ጮኹ አባቱ። «እኔ ነኝ ብያለሁ!»

«ይብቃ አባዬ። የግንቡን ቁልፍና መጋዙን በማለዳ ከክፍልዎ ስወስድ አይተውኛል።» ወደ እህቱ ዞረ። «ሊገድልሽ ነበር እኮ!»

እህትየው ደረቱን በቡጢ ትደበድበው ጀመር። «ትናንት ጥዬው ወጥቻለሁ! ጓደኛዬ ጋ ነው ያደርኩት። ዛሬ የመጣሁት ይህንኑ ልነግርህ ነበር። ማን ግደልልኝ አለህ?»

ፖሊሱ ካቴናውን ከአባት እጅ ፈትቶ የልጁን ሲጠፍር፣ እሷ አሁንም ወንድሟን እየመታች ነበር። ማንም ሊያስጥለው አልሞከረም።