ባለቤት ያጣ ውለታ

ልብስ ሰፊው ሽማግሌ ግንባሩን በስፌት መኪናው ላይ ደፍቶ ሞቶ ተገኘ። ክሩ አሁንም በመርፌው ውስጥ ነበር፤ ግማሹ የተሰፋ የሱሪ እግር ከመኪናው ጫፍ ተንጠልጥሏል። ሐኪሙ የሟችን ከንፈር ገለጥ አድርጎ በጥርሶቹ መሃል የጥጥ ብናኝ አየ። ከወንበሩ ሥር የወደቀውን ትራስ በጓንቱ አነሳና «ታፍኖ ነው» አለ። መቼ እንደሞተ ግን ቁርጡን ለመናገር አልደፈረም።

መርማሪዋ ከመግባቷ በፊት ደፉ ላይ ቆማ በልቧ አንዲት አጭር ጸሎት አደረሰች። ጠጉሯ መሸበት የጀመረ፣ ከመናገር መስማት የሚቀናት ሴት ናት። በጣቢያው «ጆሮ» ይሏታል። ስሙን ያወጡላት ሊሳለቁባት ነበር፤ እሷ ግን ወደደችው።

ሳጅኑ ሥራው ያለቀለት መስሎታል።

«ሰውየው ተይዟል፣ ኢንስፔክተር። ስልክ ጠጋኙ፣ ‹ሽቦ› የሚሉት ነው። ሟች ምሳ ሊደርስ ሲል ለልጁ ‹ዛሬ ምሳ አታምጪልኝ፣ ሥራ በዝቶብኛል› ብሎ ጽፎላታል። እስከዚያ በሕይወት ነበር ማለት ነው። ከምሳ በኋላ ሽቦ እየተሳደበ ከዚህ ቤት ሲወጣ ወንድምየው አየው፤ ወንድምየው ሲገባ ያገኘው ሬሳ ነው። ነገ ጠዋት ፍርድ ቤት ይቀርባል።»

«የሚጣሉት በምንድን ነው?»

«በዚህ ነዋ!» ሳጅኑ የሟችን ስልክ አቀበላት። «ማስታወቂያ ይወረዋል። ሽቦ ያጸዳለታል፤ ሳምንት ሳይሞላ ተመልሶ ይጮኻል። ሽማግሌው ሽቦን ‹ሌባ› እያለ በአደባባይ ያዋርደው ነበር።»

ከውጭ የመስታወት መሰበር ድምፅ ተሰማ። ጎረቤት ተሰብስቦ የሽቦን ሱቅ በድንጋይ እየደበደበ ነው። «ገዳይ! ይሰቀል!» የሚሉት ሴቶች ድምፅ ከወንዶቹ ይበልጥ ነበር።

ስልኩን ለመክፈት ጣት በአንድ መስመር ማስኬድ በቂ ነው። ሽማግሌው ዓይኑ ስለደከመ ያገኘውን ሁሉ «ክፈትልኝ» ስለሚል መስመሩን የማያውቅ ሰው በሰፈሩ የለም። መርማሪዋ ከፈተችው። ጠበቀች። ምንም አልጮኸም። ዘጋችና ደግማ ከፈተችው፤ እንደ ድንጋይ ዝም።

ከካውያው ጠረጴዛ አጠገብ የሟች ታናሽ ወንድም ተቀምጧል። የሱቁ ልብስ ተኳሽ እሱ ነው። ጠዋት የተተኮሰ ልብስ ለደንበኞች ሊያደርስ ወጥቶ የተመለሰው ከምሳ በኋላ ነው። መርማሪዋ አጠገቡ ተቀምጣ ስታበቃ ስልኩን ቦግ አደረገችው። ሰውየው ፊቱን አዙሮ ጣቱን ጆሮው ውስጥ ከተተ።

«ምነው ጋሼ?»

«አሁን ይጮኻላ! ‹ጠጉርዎ እየተመለጠ ነው?› ይልሻል። ራሰ በራ ወንድሜን! አንዱን ስትዘጊው ሌላው ይመጣል። መዝጊያዋ የኤክስ ምልክት ደግሞ ከትኋን ታንሳለች።»

«ዛሬም ጮኾ ነበር?»

«ጠዋት ስወጣ እየጮኸ ነው ትቼው የሄድኩት።» ጣቱን ከጆሮው አወጣ። «ምነው ዝም አለ?»

«እሱን ነው የምፈልገው። ከሽቦ በቀር የሚያጸዳለት ሰው አልነበረም?»

«የልጁ ባል አለልሽ አይደል! የኮምፒውተር መምህር ነው፤ የሚኖሩትም እዚሁ ጀርባው ላይ። ወንድሜ ‹እባክህ ልጄ፣ ይህን ጩኸት ገላግለኝ› እያለ ስንት ወር ለመነው። ‹እኔ የተማርኩት ለዚህ ለዝባዝንኬ አይደለም፤ ለሽቦ ስጠው› ነው መልሱ። አንድ ጠረጴዛ ላይ እየበላን!»

መርማሪዋ አዛውንቱ ወንድም እዚያው ከሬሳው ጋር እንዲቆይ አድርጋ ወደ ጣቢያ ሄደች።

ሽቦ ረጅም፣ ቀጭን፣ ምላሱ ከቁመቱ የሚበልጥ ሰው ነው። ካቴናው እጁ ላይ ነበር።

«ጠዋት የት ነበርክ?»

«ሱቄ። ደንበኛ እግር በእግር ነበር፤ ጠይቂያቸው። ጠዋት ስልክ ያሠሩ ናቸው አሁን መስታወቴን የሚሰብሩት።»

«ከምሳ በኋላስ?»

«ሰደበህ ሲሉኝ ደሜ ፈላ። ሄድኩ። አንገቱን ደፍቷል። ያንቀላፋ መሰለኝ። ያፌን ያህል ተናገርኩት፤ ቀና እንኳ አላለም። ናቀኝ ብዬ በሩን ወርውሬ ወጣሁ።» ሽቦ ካቴናውን አየ። «ሬሳ ነው ለካ ስሳደብ የነበረው።»

መርማሪዋ ስልኩን ፊቱ ላይ ከፈተችው። ሽቦ ፈገግ ብሎ አገጩን ወደ ስልኩ አሾለ። «ጠብቂ፣ አሁን ያዜማል።» ጠበቁ። ፈገግታው ቀስ በቀስ ጠፋ። «ማነው የነካው?»

«አንተ ነሃ። ሙያህ ነው።»

«እኔ? እኔ እንዲህ አላጸዳም!»

«እንዴት ነው ታዲያ የምታጸዳው?»

ሽቦ ወደ በሩ ዞረ። ውጭ ከሰፈር ተከትሎ የመጣ ሰው «ገዳይ!» ሲል ይሰማል። መርማሪዋ አልቸኮለችም፤ ዝምታው እስኪከብደው ተወችው።

«እትዬ፣ ይህን የምነግርሽ አንገቴ ስለሆነ ነው» አለ በመጨረሻ። «ሽማግሌው መርፌ ውስጥ ክር ለማስገባት ብርሃን ፈልጎ አንድ የመብራት አፕ ጭኖ ነበር። ጩኸቱን የሚያመጣው እሱ ነው። እኔ አስተኛዋለሁ እንጂ አልነቅለውም። ሳምንት ይተኛል፣ ይነሳል፣ ሰው ይመለሳል። ነቅዬው ምን ልብላ?»

«የሽማግሌውን ብቻ ነው?»

ሽቦ መሬት መሬት አየ። «የሰፈሩን ሁሉ።»

መርማሪዋ አፖቹን አንድ በአንድ አየች። የመብራቱ አፕ የለም።

መምህሩ ወደሚያስተምርበት ማሠልጠኛ ስትደርስ ገና ክፍል ውስጥ ነበር፤ ስልኩን ዘግቶ ስለሚያስተምር ወሬው አልደረሰውም። ኮሪደር ላይ አውጥታ መርዶውን ነገረችው። ግድግዳውን ተደገፈ። ሽቦ መያዙንም ነገረችው።

«ነግሬው ነበር! ከዚያ ወሮበላ ጋር አፍ አትካፈት ብዬው ነበር። ሰው መች ይሰማል!»

«አንተስ መቼ ነው ከቤት የወጣኸው?»

«ምሳ ሊደርስ ሲል። ስወጣ እየሰፋ ነበር። ከዚያ ወዲህ እዚህ ነኝ፤ ተማሪዎቼ ምስክር ናቸው።»

«ለሚስትህ የጻፈው መልእክት ይኸው።» ስልኩን ከአፍንጫው ሥር ቦግ አደረገችው።

መምህሩ አነበበው። «ምስኪን፣ ሥራ እንደወደደ ሄደ» አለና ስለ ቀብሩ ይጠይቃት ጀመር። ዓይኑ እንኳ አልተርገበገበም። መርማሪዋ የምትጠይቀውን ረስታ ስልኩን ዘጋች፤ ከዚያ አመስግናው ሄደች።

መጨረሻ ያገኘቻት ልጂቱን ነው። መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ ሥራ ቦታ የምትለብሰውን ነጭ ጋውን እንኳ ሳታወልቅ ቤቷ ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጣለች። መርማሪዋ ስልኩን ስትከፍተው ልጂቱ ዕንባዋን እንኳ ሳትጠርግ ነጥቃ የድምፁን መቀነሻ በአውራ ጣቷ ተጫነችው።

«ይቅርታ… ልማድ ሆኖብኝ ነው።»

«አባትሽ ይጽፍልሽ ነበር?»

«ድሮ። ማስታወቂያው ከጀመረው ወዲህ ፊደል በነካ ቁጥር ሌላ ነገር እየተከፈተበት ተወው። ሲፈልገኝ ይደውላል።»

«ዛሬ ሲጽፍልሽ አልገረመሽም?»

«ገርሞኛል። ግን ሰው ተሰልፎብኝ ነበር። ምሳ ከማመላለስ ተገላገልኩ ብዬ…» የጋውኗን ጫፍ ጨበጠች። «ደስ አለኝ። በሰዓቱ ደስ አለኝ!»

መርማሪዋ እጇን ያዘቻት። የጋውኑ እጅጌ ወደ ላይ ሲሸሽ በክንዷ ላይ የአራት ጣት ሰንበር ታየ። ልጂቱ ፈጥና ሸፈነችው።

«አባትሽ አይቶታል?»

«ትናንት። ‹ነገ አናግረዋለሁ፤ ከቤቴ ይወጣል› አለኝ።»

በማግስቱ ማለዳ መርማሪዋ ሁሉንም ስፌት ቤቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሽቦ ካቴናው እጁ ላይ እንደሆነ ከሳጅኑ ጎን ቆሟል፤ ከዚህ ወደ ፍርድ ቤት ነው የሚሄደው። አዛውንቱ ከካውያው ጠረጴዛ ኋላ ሆኖ በጥላቻ ያየዋል። ልጂቱ ወንበር ላይ ናት። መምህሩ ትከሻዋን ይዟል።

«ምን እንጠብቃለን?» አለ መምህሩ። «ቀብር አለብን።»

«አንድ ሰው ለሟች ውለታ ውሎለታል» አለች መርማሪዋ። «የውለታውን ባለቤት እየፈለግሁ ነው።»

«እንቆቅልሽ ነው?»

«አይደለም፣ ስልክ ነው። ጠዋት ጋሼ ሲወጣ ይጮኽ ነበር። ከሰዓት እኔ ስይዘው ዝም ብሏል። በመሃል አንድ ሰው አጽድቶታል። ያ ማነው?»

ሁሉም ሽቦን አዩት።

«ወራት ሲለመን የኖረ ነገር ነው። ያደረገው ሰው ደረቱን ነፍቶ ‹እኔ ነኝ› ማለት ነበረበት። ሽማግሌው በሕይወት እያለ ተደርጎለት ቢሆን ኖሮ ደግሞ ለልጁ ደውሎ ‹ተገላገልኩ!› ይል ነበር። አልደወለም። በጎ ሠርቶ የሚደበቅ ጻድቅ ይኖራል፤ አልክድም። ከሬሳ አጠገብ ግን ጻድቅ አልፈልግም።»

«እና?» አለ ሳጅኑ።

«ማስታወቂያው እያለ መጻፍ አይቻልም። መልእክቱ የተጻፈው ከጸዳ በኋላ ነው፤ የጻፈውም ያጸዳው ሰው ነው። ለምን ጻፈ? ልጂቱ ምሳ ይዛ መጥታ ሬሳውን እንዳታገኝ፤ እኛም አባቷ እስከ ምሳ ድረስ ነበረ እንድንል። ስለዚህ ሽማግሌው የሞተው ከመልእክቱ በፊት ነው። ሽቦ ጠዋቱን ሙሉ ሱቁ ነበር፤ ደንበኞቹን አንድ በአንድ ጠይቄያለሁ፤ እየረገሙትም ቢሆን መሰከሩለት።»

«ማጽዳቱስ የሱ ሙያ አይደለም?» አለ አዛውንቱ።

«እሱ አይነቅልም ጋሼ፤ ያስተኛል። ሰው እንዲመለስለት። ይህኛው ከነሥሩ ተነቅሏል።»

አዛውንቱ ወደ ሽቦ ዞረ። «አንተ የሰይጣን ቁራጭ!»

«አሁን ሌላ ነገር ልንገራችሁ። ለአራታችሁም ስልኩን በየተራ ከፍቼላችኋለሁ። ጋሼ ጆሮውን ደፈነ። ሽቦ ‹ያዜማል› ብሎ ጠበቀ። ልጂቱ ነጥቃ ድምፁን ቀነሰች። ሁሉም ሊጮኽ ነው ብለው ነበር። አንድ ሰው ብቻ ምንም አልመሰለውም።» መምህሩን አየችው። «አንተ ጋ ስመጣ ዝም ማለቱን የነገረህ ሰው አልነበረም።»

መምህሩ ሳቀ። «መርዶ የሰማ ሰው ልቡ የት አለና ነው ስለ ማስታወቂያ የሚያስበው? በዚህ ነው የምትከሺኝ? ባለመደንገጤ?»

ሳጅኑ ተቁነጠነጠ፤ ነገሩ ሚዛን የሚደፋ አልመሰለውም። የመለሰለት ሽቦ ነው።

«ተይው እትዬ፣ ሰውየውን ያለ ችሎታው አትጠርጥሪው። ይሄ ጠመኔ ከመንካት ሌላ ምን ያውቃል? ቢነካውም ላይ ላዩን ልሶት ነው። ዛሬ ዝም ቢል ነገ ይጮኻል።»

«አይጮኽም!» አለ መምህሩ።

«ይጮኻል። ነካክተህ ትተኸዋል።»

«ያንተ ቢጤ መሃይም መሰልኩህ? የአፑን ፈቃድ ዘግቼ ከነሥሩ ነው የነቀል…»

ሳጅኑ ወደ መምህሩ ዞረ።

ልጂቱ ትከሻዋ ላይ ያለውን እጅ በሁለት ጣቷ ይዛ፣ የቆሸሸ ነገር እንደሚነሳ፣ አነሳችው።

«ስንት ወር ለመነህ?» አለች።

«ስሚኝ፣ ሊያስወጣኝ…»

«‹እባክህ ልጄ› ሲልህ እኔ አጠገቡ ነበርኩ። ጊዜ የለኝም አልከው። ለሬሳው ጊዜ አገኘህ?»

ሳጅኑ ካቴናውን ከሽቦ እጅ ፈትቶ፣ ገና በሙቀቱ፣ በመምህሩ እጅ ላይ ቆለፈው።

ሽቦ የእጁን አንጓ እያሻሸ ቆመ። ይቅርታ የሚለው ሰው ጠበቀ። አዛውንቱ በአገጩ በሩን አሳየው።

«እትዬ፣ አየሽ?» አለ ሽቦ ለመርማሪዋ። «በደንብ ነቅዬለት ቢሆን ኖሮ የመልእክቱን ነገር ማን ይጠረጥር ነበር? ዛሬ ፍርድ ቤት ነበርኩ።»

«እውነት ነው። በእግዚአብሔር ቸርነት ተርፈሃል። ለሌብነትህ ግን ሻማ እንዳታበራለት።»

ሽቦ እየተፍለቀለቀ ወጣ። መንገዱ ጭር ብሏል፤ ድንጋይ የሚወረውር የለም። ሳጅኑ መምህሩን ይዞ ሲወጣ ለአንድ ሰው ተናግሮ ነበር፤ በዚያ ሰፈር ለአንድ ሰው መንገር ለሁሉም መንገር ነው። ገዳይ አለመሆኑን የሰማ ሁሉ ሌላውንም አብሮ ሰምቷል።

ሱቁ ደጅ ሲደርስ በተሰበረው መስታወት ፊት ጎረቤቱ ሁሉ ተሰልፏል። የሚሳደብ የለም። እያንዳንዱ ስልኩን በእጁ ይዟል። ሽቦ ፈገግታው ከፊቱ ረገፈ፤ በመሃላቸው አልፎ፣ ስብርባሪውን ከወንበሩ ላይ ጠርጎ ተቀመጠ። ፊት የተሰለፈችው ሴትዮ፣ ትናንት «ይሰቀል» ስትል ድምጿ ከሁሉም የገነነው፣ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አኖረችና እጇን አጣምራ እላዩ ላይ ቆመች።

«ከነሥሩ» አለችው። «እያየሁህ።»