ቀዩ ቀለም እስኪመጣ

ባለቤቴ አታሚ ነው። ከቤታችን ጀርባ ባለችው ክፍል ሁለት ማሽኖች አሉን፤ አንዱ ሲሠራ ሌላው ያኮርፋል። የሠርግ መጥሪያም፣ የሱቅ ማስታወቂያም እናትማለን። እሱ የሚኮራበት ሥራ ግን አንድ ብቻ ነበር፤ አገራችን ችግር ለደረሰባቸው አገሮች በምትልከው የእርዳታ ካርቶን ላይ የሚለጠፈው ስቲከር። ቀይ ዓርማ፣ ከሥሩም "ከሕዝባችን የተበረከተ" የሚል ጽሑፍ አለው። ቴሌቪዥን ላይ እርዳታ ሲራገፍ ካየ ሥራዬን አስጥሎ ይጠራኛል፤ የሚያሳየኝ ግን ሰዎቹን ሳይሆን ስቲከሩን ነው። "ቀዩን አየሽው? ፀሐይ እንኳ አልደፈረውም" ይለኛል።

ታናሽ እህቱ ነርስ ናት። ወላጆቻቸው በጊዜ ስላረፉ ያሳደጋት እሱ ነው፤ "ልጄ" ሲላት የሰማ ሁሉ እውነት ይመስለዋል። በአንድ የእርዳታ ድርጅት ተቀጥራ ኮሌራ ወደገባበት ጎረቤት አገር ልትሄድ ስትል፣ ምሳ ላይ እንደተቀመጥን ክርክር ገጠሙ።

ጊዜው መንግሥታችን ለዓለም አቀፉ የጋራ የአስቸኳይ ጊዜ ፈንድ በየዓመቱ የሚያዋጣውን ድርሻ ያሳድግ ወይስ ባለበት ይቁም እያለ ምክር ቤቱ የሚወያይበት ሰሞን ነበር። የፈንዱ አሠራር ቀላል ነው። አገሮች አደጋው የት እንደሚደርስ ሳያውቁ አስቀድመው ያዋጣሉ፤ አደጋው ሲደርስ ገንዘቡ በእጅ ስላለ፣ አዲስ ልመና ሳይጠበቅ ወዲያው ይወጣል። የማን ገንዘብ የትኛውን ድንኳን እንደገዛ ግን ተለይቶ አይታወቅም። ባለቤቴን ያንገበገበው ይኸው ነው።

"ስም የሌለው ስጦታ እኮ ወድቆ የተገኘ ዕቃ ማለት ነው" አለ። "እኛ ሰጥተን ሌላው ይመሰገንበታል። ከሰጠን በራሳችን ካርቶን፣ በራሳችን ዓርማ እንስጥ።"

"ወንድምዓለም፣ በሽተኛ ካርቶን አያነብም" አለችው። "የእናንተው ተገዝቶ፣ ታሽጎ፣ ተለጥፎ እስኪመጣ ስንቱ ያልቃል። የጋራው ገንዘብ ግን ቀድሞ የተቀመጠ ነው።"

"አንቺ ደግሞ ገበያዬን ልትዘጊብኝ ነው" ብሎ ሳቀ። እኛም ሳቅን፤ እሷም ሻንጣዋን ይዛ ሄደች።

ስቲከሩን የሚያዝዘን የመንግሥት የእርዳታ መሥሪያ ቤት ኃላፊ የዘወትር ደንበኛችን ነበር። ክፉ ሰው አይደለም፤ ደንብ ከሚጣስ ግን ሞቱን ይመርጣል። እዚያችው ማተሚያ ክፍላችን ውስጥ ሻይ እየጠጣ ባለቤቴን አግባባው። ምክር ቤቱ የሕዝብ አስተያየት በሚሰማበት ዕለት ቀርቦ ጭማሪውን እንዲቃወም ተስማሙ። ባለቤቴም ሙሉ ልብሱን አስተኮሰኝ።

ሳይቆይ ኮሌራው ባሰ። አገራችን ግሉኮስና መድኃኒት ገዝታ አየር ማረፊያው መጋዘን ውስጥ ከመረች፤ ስቲከሩም እንደተለመደው ከእኛ ታዘዘ። ባለቤቴ ቀኑን ሙሉ ሲያትም ዋለ። ኃላፊው መጣና አንዱን አንሥቶ ወደ መስኮቱ ተጠግቶ አየው።

"ይሄ ብርቱካናማ ነው እንጂ የእኛ ቀይ አይደለም" አለ።

እውነቱን ነው፣ ትንሽ ነጣ ብሏል። ትክክለኛው ቀለም ደግሞ ከገበያ ጠፍቷል። ከሩቅ ታዘዘና መጠበቅ ጀመርን። "ያለ ስቲከር ለምን አይሄድም?" ብል ሁለቱም ዞረው አዩኝ፤ ሙሽራ ያለ ቬሎ ትውጣ ያልኩ ይመስል።

በዚህ መሐል እህቱ ደወለች።

"ወንድምዓለም፣ የእናንተ ዕቃ መቼ ነው የሚመጣው? ግሉኮስ ሊያልቅብን ነው። ባንድ አልጋ ላይ ሁለት ሁለት ሰው አስተኝተናል።"

"ቀለሙ እየመጣ ነው" አላት።

"የምን ቀለም?"

አስረዳት። እስኪጨርስ ሰማችውና "እሺ" ብላ ዘጋች። ብትሰድበው ይሻለው ነበር። ያን ዕለት ከማሽኑ ጋር እንኳ አልተጣላም።

ቀለሙ መጣ፤ ማሽኑም ተነሣ። ስቲከሩ ገና ሳይደርቅ ስልኩ ጮኸ። የደወለችው የእህቱ የሥራ ባልደረባ ነበረች። እህቱን በሽታው ይዟታል። "በአፏ ፈሳሽ እየሰጠናት ነው፤ ግን አልቆይላት ብሏል፣ ያስመልሳታል። የሚሰቀል ግሉኮስ ደግሞ የለንም" አለች።

ባለቤቴ እጁን እንኳ ሳይታጠብ ወደ መጋዘኑ ሮጠ፤ እኔም ነጠላ ጫማዬን እንዳደረግሁ ተከተልኩት። ኃላፊውን በሩ ላይ አገኘነው።

"እባክህ ወንድሜ፣ እንዲሁ ጫንልኝ። ዓርማውን ተወው፣ ይቅር" አለው ባለቤቴ።

"ሳይለጠፍ እንዳይወጣ የሚል መመሪያ አለ። አንተ ራስህ እኮ..." ብሎ ጀመረና የባለቤቴን ፊት አይቶ ተወው። ስልኩን አውጥቶ አለቃውን ፈለገ፤ አለቃው ስብሰባ ላይ ናቸው። የጭነት አውሮፕላኑም ለዕቃችን ቦታ ይዞ ሲጠብቅ ቆይቶ ጠዋት ሌላ ዕቃ ጭኖ ሄዷል። ባለቤቴ የካርቶኑ ክምር ላይ እጁን አሳርፎ ቆመ። የሚፈልገው ነገር ከመዳፉ ሥር ነበር፤ እህቱ ግን ድንበር ማዶ ናት። ጎትቼ ወደ ቤት ስመልሰው ካርቶኑ ላይ ቀይ የእጅ አሻራ ቀርቶ ነበር።

ያን ዕለት እህል አልቀመሰም። ስልኩን እያየ ተቀመጠ፤ እኔም የሌለ ሥራ እየፈጠርኩ ስወጣና ስገባ ዋልኩ። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ተደወለ። ድምፁ የሳሳ ነው፤ ግን የእሷ ነው።

"ወንድምዓለም፣ አለሁ።"

ባለቤቴ ስልኩን ወደ እኔ ገፋው። ስልኩን ተቀብዬ ድምፁን ከፍ አደረግሁት። "ምን ደረሰላችሁ የኔ እናት?" አልኳት።

"ነጫጭ ካርቶን። የጋራው ፈንድ ገንዘቡን ሲለቅ፣ እዚሁ ቅርብ ካለ መጋዘን ተገዝቶ በመኪና መጣ። ይኸው እያወራኋችሁ አንዱ ክንዴ ላይ ተሰክቷል። አጠገቤ ያለችው ሴትዮ ዛሬ ተነሥታ ማበጠሪያ ጠይቃኛለች።"

ባለቤቴ ወደ ስልኩ ተጠጋ። "ካርቶኑ ምን ይላል? የማን ነው?"

"ግሉኮስ ይላል" አለችው። "የማን እንደሆነማ፣ የሁሉም ነው። አገራችን በዓመቱ መጀመሪያ ያዋጣችውም አለበት። ያ አንተ ወድቆ የተገኘ ያልከው።"

ያኔ ነው የሳቀው። እየሳቀ እንባው ይወርድ ነበር፤ ቀለሙ ገና ባልለቀቀው እጁ ሲጠርገው ፊቱ በሙሉ ቀላ። 

አስተያየት የሚሰማበት ዕለት ደረሰ። የሚቀር መስሎኝ ነበር፤ ሙሉ ልብሱን ለብሶ ወጣ። ኃላፊው ከፊት ወንበር ላይ ሆኖ በፈገግታ ጠበቀው።

"እኔ የእርዳታ ስቲከር አታሚ ነኝ" ብሎ ጀመረ ባለቤቴ። "ይህ ጭማሪ ከተፈቀደ ሥራዬ ይቀንሳል። እንዲፈቀድ ልለምናችሁ ነው የመጣሁት። እህቴን ያሳደግኋት እኔ ነኝ፤ ያተረፋት ግን ስም ያልተጻፈበት ካርቶን ነው። የእኔን ቀለም ብትጠብቅ ኖሮ ዛሬ ጥቁር ለብሼ ነበር የምታዩኝ።"

 ኃላፊው ከፊት ወንበሩ ላይ እጁን አወጣ። "ሳይለጠፍ አይውጣ የሚለውን መመሪያ ያረቀቅሁት እኔ ነኝ" አለ። "እንዲነሣ እጠይቃለሁ።" ጭማሪውም በዚያው ሰሞን ጸደቀ።

ወገኖቼ፣ በራስ ስም መስጠት ነውር አይደለም፤ የእኛም ካርቶን ኋላ እህቱ ያለችበት ድረስ ደርሶ ብዙ ሰው ታክሞበታል። ነውሩ ስማችን እስኪጻፍ ሰውን ማስጠበቅ ነው። ኮሌራና ጎርፍ ቀጠሮ ይዘው አይመጡም። ስለዚህ አገራችሁ ለጋራው ፈንድ ስታዋጣ "የት ገባ?" ብላችሁ ከማጉረምረማችሁ በፊት፣ እዚያ ማዶ ግሉኮስ የሚጠብቅ የሰው እህትና ወንድም እንዳለ አስቡ።

እህቱ ከስታ፣ ግን በእግሯ እየሄደች ተመለሰች። በር ላይ አቅፏት ቆየና ሳያስችለው "ስቲከሬስ አማረ?" አላት።

"ስቲከሩን ልብ አላልኩትም" አለችው። "አንዱ ካርቶን ላይ ግን ቀይ የእጅ አሻራ ነበረበት። ሁሉም የማን ነው እያሉ ሲጠይቁ፣ እኔ ወዲያው አወቅሁህ።"